ሮበርት ኮክ የቲቢ መድኃኒት አግኝቶ ነበር?

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነው። የ9 ዓመት ልጄ ለትምህርት ቤት ተብሎ ክንዷ ላይ የቲቢ መርፌ ተወጋች። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ለካችና 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፖዘቲቭ ነው አለችን። መርፌው ቱበርኩሊን ይባላል። ስለሱ ሳነብ፣ ሮበርት ኮክ የሚባል ጀርመናዊ ፕሮፌሰር የቲቢ መድኃኒት ነው ብሎ ያወጣው እንደሆነና ብዙ በሽተኞችን እንደጎዳ አገኘሁ። በዘራችን ቲቢ የለም። ልጄም ስትወለድ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ተከትባለች። ሰውየው የምር ሳይንቲስት ነበር ወይስ አጭበርባሪ? ልጄ ላይ የተወጋውስ ያው ነገር ነው?»

ምላሽ፦ አጭበርባሪ አልነበረም። መድኃኒትም አላገኘም። ልጅዎ የተወጋችው ነገር መነሻው የኮክ ቱበርኩሊን ነው። ዛሬ የሚሠራበት ግን ተጣርቶ፣ እጅግ በትንሽ መጠን፣ ለምርመራ ብቻ ነው። ሕክምና አይደለም። «በዘራችን የለም» የሚለውን ግን ከአሁኑ ይተዉት። ቲቢ በዘር አይወርድም። ይህን ለዓለም በማያዳግም ሁኔታ ያሳየው ደግሞ ራሱ ኮክ ነው። ስለዚህ ከሰውየው ልጀምር፤ የልጅዎ ነገር ከዚያ በኋላ በቀላሉ ይገባዎታል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮክ የተወለደው በ1843 ክላውስታል በምትባል የማዕድን ከተማ ነው፤ በጀርመን የሃርዝ ተራሮች ውስጥ። አባቱ የማዕድን ባለሙያ ነበር። ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1866 ተመረቀ። እዚያ ከነበሩት መምህራን አንዱ ያዕቆብ ሄንለ ነበር። ሄንለ ተላላፊ በሽታ የሚመጣው ሕይወት ካላቸው ጥቃቅን ነገሮች ነው ብሎ ገና በ1840 ጽፏል። ማስረጃ ግን አልነበረውም። ማስረጃውን ያመጣው ከዓመታት በኋላ ተማሪው ነው፤ ያውም ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከወረዳ።

በ1872 ኮክ ዎልሽታይን በምትባል ትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆነ። ከተማዋ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። በአካባቢው አባ ሰንጋ ከብቱንና በጉን ይጨርስ ነበር። ኮክ ቀን በሽተኛ ያያል፤ የተረፈውን ሰዓት ቤቱ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ላይ ያቀረቅራል። በአባ ሰንጋ ከሞተ እንስሳ ደም ይወስድና በቀጭን የእንጨት ስንጥር አይጥ ላይ ይጨምራል። አይጧ ትሞታለች። የጤነኛ እንስሳ ደም የተጨመረባት ግን ትተርፋለች። ከዚያ ጀርሙን ከበሬ ዓይን በወሰደው ጥርት ያለ ፈሳሽ ውስጥ አሳደገው። ሲያድግም በዓይኑ አየው። ዘንጉ ይረዝማል፣ ውስጡ ክብ ክብ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ስፖር ማለት ነው፣ ጀርሙ ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት እንደ ዘር ያለ ነገር። ስፖሩ ደረቅ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። «ይህ መስክ ከብት ይገድላል» እየተባለ ይፈራ የነበረው ለምን እንደሆነ የታወቀው ያኔ ነው።

በ1876 ዕቃውን ሸክፎ ብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ሄደና ፌርዲናንድ ኮን በሚባለው ዕውቅ የዕፅዋት ተመራማሪ ፊት ሙከራውን ሠርቶ አሳየ። ይህችን ነገር ያስታውሷት። ኮክ ስም ያተረፈው እመኑኝ ብሎ አይደለም። ማይክሮስኮፑን አቅርቦ፣ አይጡን ሠንጥቆ፣ ኑና እዩ ብሎ ነው።

በ1880 በርሊን ወደሚገኘው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የጤና ቢሮ ተጠራ። እዚያ ከሠራቸው ነገሮች ዛሬም በየላቦራቶሪው የምንጠቀምበት አንዱን የጀርም ዓይነት ከሌላው ለይቶ የማሳደግ ዘዴ ነው። ተቀቅሎ የተቆረጠ ድንች ላይ የሚበቅሉት ባለ ቀለም ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው ከአንድ ዓይነት ጀርም ብቻ የተሠሩ መሆናቸውን አስተዋለ። ከድንች ወደ ጄላቲን ተሻገረ። ጄላቲን ግን በሙቀት ይቀልጣል። መፍትሔው የመጣው ከፋኒ ሄሰ ነው። የሥራ ባልደረባው ሚስት ስትሆን ማዕድ ቤቷ የምትጠቀምበትን፣ አጋር የሚባለውን ከባሕር አረም የሚወጣ ማርጊያ እንዲሞክሩት ሐሳብ አቀረበች። ለሳይንስ ይህን ያህል ያበረከተች ሴት ስሟ እምብዛም አለመነሳቱ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ቲቢ። ያን ጊዜ አብዛኛው ሐኪም ቲቢን የሰውነት ድካም፣ የዘር ችግር፣ የድህነት ጣጣ አድርጎ ነበር የሚያየው። ቪልሜን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1865 ከሰው ወደ ጥንቸል እንደሚተላለፍ ቢያሳይም ብዙዎች አልተቀበሉትም። የቲቢ ጀርም ለተመራማሪ ፈታኝ ነው። ሽፋኑ ሰም የበዛበት ስለሆነ ቀለም ቶሎ አይገባውም። ኮክ ቀለሙን እየለዋወጠ ሞክሮ በመጨረሻ ሰማያዊ ሆነው የሚታዩ ቀጫጭን ዘንጎች አገኘ። ማሳደጉ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ሌሎች ባክቴሪያዎች በአንድና ሁለት ቀን ይታያሉ። ሳህኑ ላይ በዚያ ጊዜ ምንም ካልበቀለ ማንም ሰው አንስቶ ይጥለዋል። ኮክ አልጣለም። በሰውነት ሙቀት ልክ አስቀምጦ ጠበቀ። በሁለተኛው ሳምንት ደረቅ ቅርፊት የሚመስሉ ትናንሽ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። እነሱን ደጋግሞ አሳድጎ ጊኒ ፒግ የሚባሉ የአይጥ ዘመድ እንስሶች ላይ ሲወጋ እንስሶቹ በቲቢ ታመሙ። ከታመሙትም ያንኑ ጀርም መልሶ አወጣ።

ማርች 24 ቀን 1882 በበርሊን የፊዚዮሎጂ ማኅበር ፊት ይህን አቀረበ። ማይክሮስኮፖቹን፣ የሙከራ ቱቦዎቹንና ናሙናዎቹን ሁሉ ይዞ ነበር የመጣው። ከሰው ልጅ ከሰባቱ አንዱ በቲቢ ይሞታል አለ። ሲጨርስ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አላጨበጨቡም፣ አልተከራከሩም። ተሰብሳቢዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው ወደ ማይክሮስኮፑ ሄዱ። ከነሱ መካከል የነበረው ፓውል ኤርሊክ የሚባል ሐኪምና ተመራማሪ ያቺን ምሽት በሳይንስ ሕይወቱ ትልቁ ገጠመኝ አድርጎ ነበር የሚያስታውሳት። የዓለም የቲቢ ቀን በየዓመቱ ማርች 24 የሚከበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ዝናው ሰማይ ነካ። በ1883 ኮሌራን ፍለጋ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ህንድ ካልካታ ሄዶ የኮሌራን ጀርም ለየ። ፓቺኒ የሚባል ጣሊያናዊ በ1854 አይቶት እንደነበር ግን መጨመር ተገቢ ነው። በ1885 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሃይጂን ፕሮፌሰር ሆነ። ከሥሩ የወጡት ቤሪንግ፣ ሎፍለር፣ ጋፍኪና ጃፓናዊው ኪታሳቶ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጀርም ወይም መድኃኒት ይዘው ነው የተነሱት። እዚህ ላይ ሁሉም መማሪያ መጽሐፍ ስለሚጠቅሰው «የኮክ መመዘኛ» አንድ ማረሚያ ልስጥ። ጀርሙ በሽተኛው ላይ ይገኝ፣ ለብቻው ይደግ፣ ሲሰጥ ያንኑ በሽታ ያምጣ የሚለው ሕግ ማለቴ ነው። በዚያ መልክ በ1884 ነጥብ በነጥብ ያሰፈረው ሎፍለር ነው። ሕጉም ሁልጊዜ አይሠራም። የሥጋ ደዌ ጀርም እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አልበቀለም። ኮሌራን ተሸክሞ የማይታመም ሰውም አለ።

እርስዎ ያነበቡት ታሪክ የሚጀምረው በ1890 ነው። በዚያ ኦገስት ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ጉባኤ በርሊን ተሰበሰበ። የጀርመን ባለሥልጣናት አገሪቱን የሚያስጠራ ነገር ይፈልጉ ነበር፤ በፓሪስ ሉዊ ፓስተር የሚባለው የጀርም ተመራማሪ ስሙ ገናና ነበርና። ኮክ መድረክ ላይ ወጥቶ በጊኒ ፒግ ላይ የቲቢን እድገት የሚያቆም ነገር አግኝቻለሁ አለ። በኖቬምበር ይህን ለጥጦ፣ ገና የጀመረ የሳንባ ቲቢ በዚህ መድኃኒት በእርግጠኝነት ይድናል ብሎ ጻፈ። ከምን እንደተሠራ ግን አልተናገረም። ከመንግሥት ጋር ስለ ትርፉና ስለሚሠራለት ተቋም እየተደራደረ ነበር።

ከዚያ የሆነውን መገመት ይችላሉ። በሽተኛው ከየአገሩ በርሊን ጎረፈ። ሆቴሉ፣ ክሊኒኩ ሞላ። ሐኪሞችም አንዲት ጠርሙስ ለማግኘት ተጋፉ። መርፌውን የተወጋ የቲቢ በሽተኛ በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል። የቆዳ ቲቢ ያለበት ከሆነ ቁስሉ ያብጥና ይቀላል፣ ከዚያም ቅርፊቱ ይረግፋል። ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ሰዉም እየዳነ መሰለው። ሳንባ ውስጥ ግን ያው ቁጣ ሥጋውን ያፈርሰዋል። በጃኑዋሪ 1891 ሩዶልፍ ቪርኾው የሚባለው ዕውቅ የበርሊን ሐኪም ከመርፌው በኋላ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መርምሮ፣ መርፌው ጀርሙን እንዳልገደለ፣ እንዲያውም ባልነበረበት ቦታ እንዲዛመት ሳይረዳው እንዳልቀረ አሳየ። በዚያው ወር ኮክ ምስጢሩን ገለጠ፤ የቲቢ ጀርም በግሊሰሪን የወጣ ጭማቂ ነበር። ዳኑ የተባሉትን ጊኒ ፒጎች ሲጠየቅም ሊያሳይ አልቻለም።

ታዲያ አጭበርባሪ ማለት አይቻልም? እኔ አልልም። ኮክ መርፌውን በመጀመሪያ የሞከረው በራሱ ላይ ነው። ሩብ ሲሲ ክንዱ ላይ ተወጋ። ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ እጅ እግሩን አመመው፣ ትንፋሽ አጠረው። በአምስተኛው ሰዓት አንድ ሰዓት ሊሞላ የተቃረበ ብርድ ብርድ አንቀጠቀጠው፣ አስመለሰው፣ ሙቀቱ 39.6 ደረሰ። ይህን ሁሉ ራሱ ጽፎታል። በነገሩ ያምን ነበር። ያጠፋው ሌላ ነው፤ ጠባዩን ትቷል። ለአባ ሰንጋና ለቲቢ ጀርም ኑና እዩ ያለ ሰው፣ ለመድኃኒቱ ግን ዝም ብላችሁ እመኑ አለ። ሌላው ሐኪም እንዳይፈትሸው ከምን እንደተሠራ ደበቀ፤ ሳይመረምርም ቃል ገባ። ዋጋውን የከፈሉት በሽተኞች ናቸው። እሱ እንኳ በዚያው ዓመት የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ተከፍቶለት ዳይሬክተር ሆነ።

ስለ ቱበርኩሊን ሲወራ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ግን ከዚያ የከፋ ነው። በ1906 እና በ1907 ኮክ በዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ገዳዩን የእንቅልፍ በሽታ ሊያጠና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ባሉት የሴሴ ደሴቶች ካምፕ አቋቁሞ አቶክሲል የሚባል፣ አርሴኒክ የተባለው መርዝ ያለበት መድኃኒት ይወጋ ነበር። አልሠራ ሲለው መጠኑን ከፍ አደረገ። ሕመሙን መቋቋም አቅቷቸው የጠፉ ነበሩ። ዓይናቸው የጠፋም ነበሩ። ይህ በሕይወት ታሪኩ ላይ የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ጥሩውንም ልናገር። በ1892 ኮሌራ ሐምቡርግ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰው ሲጨርስ፣ አጠገቧ ያለችው አልቶና እምብዛም አልተነካችም። ሁለቱም የኤልበን ወንዝ ውኃ ይጠጣሉ። አልቶና ግን ውኃውን በአሸዋ ታጣራለች፤ ሐምቡርግ አታጣራም። ኮክ ይህን በግልጽ አስቀመጠው። በ1896 ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ የከብት ወረርሽኝ ለማስቆም ሞክሯል። ይህ ወረርሽኝ ከዓመታት በፊት በምጽዋ በኩል ገብቶ የእኛን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀንን ያመጣው፣ ከዚያም አህጉሩን አቋርጦ ወደ ደቡብ የወረደው ነው።

የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1905 ነው፤ በቲቢ ላይ ባደረገው ምርምር። በቱበርኩሊን ተሸለመ የሚል ካነበቡ ስህተት ነው። በ1901 ለንደን ላይ የከብት ቲቢ ለሰው ያን ያህል አያሰጋም ማለቱም ስህተት ነበር። የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ወደ ልጆች ይተላለፋል። አገር ቤት ለእረፍት ሲሄዱ ለልጅዎ ያልፈላ ወተት አይስጡ። ኮክ በ1910 ባደን ባደን ከተማ በልብ ሕመም አረፈ፤ ዕድሜው 66 ነበር።

አሁን ወደ ልጅዎ ክንድ። ኮክ መርፌው ቲቢ ያለበትን ሰው ከጤነኛው ይበልጥ እንደሚያስቆጣው አይቶ ነበር። በ1907 ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የሚባል የቪየና የሕፃናት ሐኪም ይህንኑ ቁጣ ለምርመራ አዋለው። በ1908 ፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ በቆዳ ውስጥ በቀጭን መርፌ መስጠት ጀመረ። ነርሷ የሠራችው ይህንኑ ነው። ፈሳሹ ተጣርቷል፣ ሕይወት ያለው ጀርም የለበትም፣ ቲቢ ሊያስይዝ አይችልም። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነበባል። የሚለካው መቅላቱ አይደለም፤ በጣት ሲዳሰስ የጠጠረው እብጠት ነው። ነርሷ የለካችው መቅላቱን ከሆነ 12ቱ ዋጋ የለውም። ይህን ይጠይቁ።

እብጠቱ በትክክል ተለክቶ ከሆነ፣ ቲቢ ከበዛበት አገር በቅርቡ ለመጣ ልጅ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ፖዘቲቭ ነው። ፖዘቲቭ ማለት ግን ታማለች ማለት አይደለም። ሰውነቷ ጀርሙን አንድ ጊዜ ሳያውቀው አልቀረም ማለት ነው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በጀርሙ ተይዟል ተብሎ ይገመታል። ከነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ናቸው። ጀርሙ የተኛባት ልጅ ለማንም አታስተላልፍም። ከእህት ወንድሞቿ መለየት፣ ሳህንና ማንኪያዋን ማግለል አያስፈልግም።

ቢሲጂን በተመለከተ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ክትባቱ የቆዳ ምርመራውን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ነገር ግን በተወለዱ ሰሞን የተሰጠ ቢሲጂ ተጽዕኖው በየዓመቱ እየደከመ ይሄዳል። በ9 ዓመት ዕድሜ 12 ሚሊ ሜትርን «የክትባቱ ነው» ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው። ሐበሻ ወላጆች ዘንድ ይህን አባባል በጣም እሰማዋለሁ፤ አንዳንድ ሐኪምም ይስማማላቸዋል። መለያው የደም ምርመራ ነው። ኢግራ ይባላል፣ ቢሲጂ አያሳስተውም። በቅርቡ የኩፍኝ ክትባት ወስዳ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ምርመራውን ለጥቂት ሳምንት ሊያዳክመው ይችላል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የደም ምርመራውን ያሠሩ። የደረት ራጅም ትነሳ። ሐኪሙ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የአንገት እብጠት መኖሩን ይመርምር። የደም ምርመራው ፖዘቲቭ፣ ራጁ ደግሞ ንጹሕ ከሆነ የመከላከያ ሕክምናውን ያለ ማወላወል ያስጀምሯት። ዛሬ ምርጫው ሰፊ ነው። ለ4 ወር በየቀኑ ሪፋምፒሲን፣ ለ3 ወር በየቀኑ ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ፣ ወይም ለ3 ወር በሳምንት አንድ ቀን አይሶኒያዚድና ሪፋፔንቲን። አይሶኒያዚድ ለብቻው 6 ወይም 9 ወር ይፈጃል፤ በረዘመ ቁጥር የሚያቋርጠው ይበዛል። እኔ አጭሩን እመርጣለሁ።

መከላከያው ሳንባዋ መጽዳቱ ሳይረጋገጥ ፈጽሞ አይጀመር። የታመመ ሰው አንድና ሁለት መድኃኒት ብቻ ሲወስድ ጀርሙ ይለምደዋል። ሪፋምፒሲንና ሪፋፔንቲን ሽንትና እንባን ብርቱካናማ ያደርጋሉ፤ አይደንግጡ። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ደጋግሞ ካስመለሳት ወይም ሽንቷ ኮካኮላ ከመሰለ ግን ኪኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ጉበት ነው የሚያስፈራው። ራጁ ላይ ነገር ከታየ መንገዱ ሌላ ነው። አክታዋ ይመረመራል፤ ሕክምናው በአራት መድኃኒት ይጀምርና በአብዛኛው ስድስት ወር ይወስዳል። ይድናልም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ልጅ ቲቢን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ አብሮ ከሚኖር ትልቅ ሰው ነው። እርስዎና ባለቤትዎ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት አብራችሁ የኖረ ዘመድም ካለ እሱ ጭምር፣ በዚሁ ሳምንት ተመርመሩ። ከመካከላችሁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ካለ የቆዳውን መርፌ አይጠብቅ፤ ቀጥታ ራጅና የአክታ ምርመራ ያድርግ።